የአክስቴ መቄዶንያ

ልጅ ሆኜ ጊዮርጊስ ቅዳሴ ላይ ከሐዋርያት ሥራ ሲነበብ፣ ጳውሎስ በመርከብ ተሳፍሮ ወደ መቄዶንያ መሻገሩን ስሰማ ምራቄን ዋጥኩ። ስድስት ወይ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ለእኔ መቄዶንያ አገር አልነበረም። መቄዶንያ ጠርዙ የተላላጠ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ነው፤ ውስጡ ፓፓያ አለ፣ ብርቱካን አለ፣ አናናስና ሙዝ አለ፣ ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ መጨረሻ ላይ ከሥር የሚቀረው ጭማቂ። ሐዋርያው ባሕር ያቋረጠው ለምን እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገኝም።

ስሙን ያወጣችለት አክስቴ ናት። እቴቴ ነበር የምንላት፤ እኛም፣ እናታችንም፣ መንደሩም። እኔ ሳልወለድ ፒያሳ አንድ ጣልያን ቤት ወጥ ቤት ሆና ሠርታለች። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ሁሉም አልወጣም፤ ጋራዥ የከፈተው፣ ምግብ ቤት የከፈተው፣ አናጢውና ግንበኛው እዚሁ ቀርቶ አርጅቷል። እቴቴ የሠራችበት ቤት ሲኞራ ከምሳ በኋላ የምታቀርበውን የተከተፈ ፍራፍሬ “ማቼዶንያ” ትለዋለች። ጣልያንኛው ለእቴቴ ምላስ አልከበደም፤ ምድጃው “ፎርኖ” ነው፣ የቲማቲሙ ድልህ “ሳልሳ” ነው፣ ለስላሳ መጠጥ ሁሉ፣ ቀለሙ ምንም ይሁን፣ “አራንቻታ” ነው። ይሄኛው ግን ከቤተ ክርስቲያን የምታውቀው ስም ሆኖ አገኘችውና መልሳ አጠመቀችው። “የእስክንድር አገር አይደል? እኛማ ድሮ እናውቀዋለን” አለች አሉ።

ፍራፍሬ በአገር ስም የተጠራው ለምን እንደሆነ ስጠይቅ የሰማሁት፣ መቄዶንያ ብዙ ዓይነት ሕዝብ ተቀላቅሎ የሚኖርባት ምድር ስለሆነች ነው የሚል ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ስለ ፒያሳ ሊያወራ ይቃጣዋል፤ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱ፣ ጉራጌው፣ ዶርዜው እያለ። እቴቴ ብትሰማ ትስቅ ነበር። ለእሷ መቀላቀል ሥራ ነው፤ ቅደም ተከተል አለው፣ ሰዓት አለው። “ዝም ብሎ የተደባለቀማ የከብት ነው” ትል ነበር።

የምንኖረው እዚያው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነበር። ከቤታችን ወጥቶ አትክልት ተራ ለመድረስ ብዙ እርምጃ አይጠይቅም፤ እቴቴ ግን ጊዮርጊስ በር ላይ ጸሎቷ ስለሚረዝም መንገዱ እጥፍ ይሆናል። ትልልቆቹ ሲያወሩ፣ የአዲስ አበባ ዋናው ገበያ ጥንት እዚያው አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ለአገሬው የተለየ ገበያ ብሎ ወደ ምዕራብ የገፋውና “መርካቶ” የሚለውን ስም ጥሎልን የሄደው ጣልያን ነው። ገበያው ቢሄድም አትክልትና ፍራፍሬው በኋላ እዚያው አራዳ ግርጌ ተሰበሰበ። በዚህ እቴቴ ትኮራ ነበር፤ መርካቶ ለጨርቅና ለምስማር እንጂ ለሆድ አትሄድም።

አትክልት ተራ የምንሄደው ማታ ነው፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ። ጠዋት ከአርባ ምንጭ ሙዝ የጫነው፣ ከአዋሽ ሸለቆ ብርቱካን የጫነው መኪና ሲራገፍ ገበያው የነጋዴ ነው። ቀን ላይ የሆቴልና የምግብ ቤት ገዢ ይገባበታል። ማታ የእኛ ነው። የተረገጠ ጎመንና የበሰበሰ ቲማቲም ጭቃውን አንሸራታች ያደርገዋል፤ ሸክም የያዘው “ዞር በል!” እያለ በጀርባችን ይመጣል፤ ሽታው ግማሹ የአናናስ፣ ግማሹ የሽንኩርት ነው። ሻጮቹ የቀራቸውን በመደብ በመደብ ደርድረው፣ ሳይመሽ ሸጠው ወደ ቤታቸው ለመግባት ይቸኩላሉ። ፓፓያ በአንድ ጎኑ ከተመታ ለነገ አያድርም። እቴቴ የምትፈልገው እሱን ነው።

“የኔ እናት፣ ይሄ እኮ ታሟል።”

“ያልታመመውን ልስጥዎት እትዬ፤ ይኸው።”

“የለም፣ የታመመውን ነው የምወስደው። ዋጋውም አብሮ ይታመም እንጂ።”

ሻጭዋ ትስቃለች፣ ዋጋው ትንሽ ይታመማል። ከዚያ ምርቃት ይጠየቃል። ምርቃቱ ሁልጊዜ ሎሚ ነው፤ ሁለት፣ እጇ ከፈታ ሦስት። በልጅነቴ ሎሚ ተገዝቶ አይቻለሁ ብል እዋሻለሁ። ያ ሁሉ ፍራፍሬ ያለ ሎሚ ምንም እንዳይደለ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ዋናው ነገር በነጻ ነበር የሚመጣው።

ኢትፍሩትም ነበረ፣ የመንግሥት ፍራፍሬ መሸጫው። ዋጋው ቁርጥ ነው፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ምርቃት የለውም። እቴቴ እዚያ የምትሰለፈው የኑራ ኤራ እርሻ ብርቱካን ገብቷል ሲባል ብቻ ነው። ስለዚያ ብርቱካን መጥፎ ቃል ተናግራ አታውቅም፤ ልጣጩ ቀጭን ነው፣ ሲጨመቅ እጅ እስከ ክርን ይረጥባል። ለመንግሥት የሰጠችው ምስጋና እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ሙዝ የሚገዛው በተለየ ዓይን ነው። አርባ ምንጭ ላይ የሚቆረጠው አረንጓዴውን ነው፤ እዚህ ከደረሰ በኋላ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተከምሮ በነጭ ጋዝ ምድጃ ይታጠናል። ጋዙ ሲነድ ፍሬ ራሱ ሲበስል የሚያወጣውን ዓይነት ጋዝ ስለሚያወጣ ሙዙን ያጣድፈዋል፤ በጥቂት ቀን ቢጫ ይሆናል። እቴቴ ሙዙን አንስታ ቂጡን ታሸታለች። ጋዝ ከሸተታት ትመልሰዋለች። “ይሄ አልበሰለም፣ ተሳቆ ነው” ትላለች። እኔም እስከ ዛሬ ሱፐርማርኬት ውስጥ ሙዝ አሸታለሁ፤ ሰው ያየኛል።

ቤት ስንገባ ዘንቢሉ ሳጠራ ላይ ይገለበጣል። እቴቴ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ ነጩን ሳህን በጉልበቶቿ መሃል ይዛ፣ ከሲኞራዋ ቤት የቀረቻትን ጥርስ ያላት ትንሽ ቢላዋ ታነሣለች። መጀመሪያ የቆሰለው ይወጣል። ይህ ራሱ ትምህርት ነበር። እኛ ልጆቹ የተበላሸውን በትልቁ ቆርጠን እንጥላለን፤ እሷ በቢላዋው ጫፍ ትጠይቀዋለች፣ ጥቁሩ እስኪያልቅ፣ ልክ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ። ከግማሽ ፓፓያ የምትጥለው እፍኝ አይሞላም። ከዚያ መክተፍ ነው። መጠኑ ማንኪያ ላይ ሦስት ዓይነት አብሮ የሚቀመጥ መሆን አለበት። ከዚያ ከበለጠ ሰው አንዱን ብቻ ይበላል፤ ካነሰ ደግሞ ገንፎ ነው።

ሳህኑ ውስጥ የሚገባው ጠንካራው በፊት ነው። አናናሱ ከሥር ይነጠፍና ስኳር ይነሰነስበታል። ስኳር ከፍሬው ውስጥ ውሃውን ስቦ ያወጣል፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አናናሱ በራሱ ጭማቂ መዋኘት ይጀምራል። በላዩ ፓፓያው ይመጣል። ፓፓያ ብቻውን የሚሸት ነገር አለው፣ አንዳንድ ሰው በዚህ የተነሣ አይበላውም፤ ሎሚ ሲያገኘው ግን ያ ሽታ ይሄዳል። ብርቱካኑ ከልጣጩ ሥር ያለው ነጭ ልባስ አንድም ሳይቀር ተገፎ ነው የሚገባው፣ መራራው እሱ ነውና። ዘይቱን ከተገኘ ፍሬ ፍሬው ይወጣለታል፤ ይሄ የእኔ ሥራ ነበር፣ ጠላሁት። ከሐረር ሰው ከመጣ ጊሽጣ ይኖራል፣ ያኔ በዓል ነው። ፖም ግን የምናውቀው በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ነበር።

አሁን ማራሻው። እቴቴ ውሃው ነው የምትለው፣ የመቄዶንያው ውሃ። የሁለት ብርቱካን ጭማቂ፣ የምርቃቱ ሎሚ፣ ከተረፈ ደግሞ ትንሽ ስኳር ከሁለት ፍሬ ቅርንፉድ ጋር በውሃ ፈልቶ ከቀዘቀዘ በኋላ። ቅርንፉዱ የሲኞራዋ አልነበረም፤ የእቴቴ ጭማሪ ነው። ሲኞራዋ የምትጨምረው ጣፋጭ መጠጥ ነበር፤ እቴቴ እሱን ለፋሲካ ብቻ በአንድ ክዳን ኮኛክ ተካችውና እኛ ልጆቹ እንዳልሰማን አድርጋ ታሳልፈዋለች። እናውቅ ነበር። ሎሚው ፍሬውን ከመጥቆር ያግዳል፤ ሙዝና ኮክ ሲቆረጡ አየር ካገኛቸው በውስጣቸው ያለ ኢንዛይም ያጠቁራቸዋል፣ አሲድ ደግሞ ያን ያዘገየዋል። የእቴቴ ማብራሪያ ያጥራል፦ “ሎሚ ያሳፍረዋል።” ያፈረ ሙዝ ፊቱን አያጠቁርም።

ሙዝ ቢያፍርም ግን ይለሰልሳል፣ ውሃውንም ያደፈርሰዋል። ስለዚህ የመጨረሻው ሕግ እንዲህ የሚል ነበር፦ እንግዳው ሳይቀመጥ ሙዝ አይላጥም። ጎረቤት በአጥር ይጠራል፣ ይመጣል፣ ጫማውን በር ላይ ይጠርጋል፣ ይቀመጣል፤ ያኔ እቴቴ ሙዙን አንስታ እዚያው ፊቱ ልጣ፣ በመዳፏ ላይ ቆራርጣ ትጥለዋለች። ማንም ከሁለት ደቂቃ በላይ አስጠብቆን አያውቅም። ሁሉም ከግድግዳ ወዲያ ነበሩ። ከሥር የሚቀረው ውሃ ደግሞ ያለ ክርክር ዘንቢል ለያዘው ነው።

ስኳር በቀበሌ ራሽን በሚታደልበት ዘመን ይህ ሁሉ እንደልብ አልነበረም። ኅብረት ሱቅ ስኳር ሳይመጣ ወሩ ሲያልፍ፣ ብርቱካንም ሲጠፋ፣ እቴቴ የመርቲ ማርማላት ቆርቆሮ ታወጣለች። አንድ ማንኪያ በሙቅ ውሃ አሟሙታ፣ ሎሚ ጨምቃ ታፈስበታለች። እንዲያውም ልናገረው፣ እኔ ያን ማርማላት ያለበትን ከብርቱካኑ እመርጥ ነበር፤ የልጣጩ ምረት ከታች ይቀራል። ለእሷ ግን አልነገርኳትም። ችግሩን እንደወደድኩላት ይመስልብኛል።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው መቄዶንያ ሲጣል ያየሁት። ታላቅ እህቴ ፋሲካ ላይ እንደ ኬክ ቤት ልታደርገው ፈልጋ፣ ከማለዳው ወተት በጥብጣ ፓፓያውና አናናሱ ላይ አፈሰሰችበት። ለምሳ ሲቀርብ እንደ ኮሶ መርሮ አገኘነው። ጥሬ ፓፓያና ጥሬ አናናስ የወተትን ፕሮቲን የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች አሏቸው፤ ሲቆይ የሚመረው ለዚህ ነው፤ ወተት ወይም ክሬም ካስፈለገ የሚጨመረው ሊበላ ሲል ነው። እቴቴ ይህን አታውቅም። ቀምሳ ዝም አለችና፣ “ቡዳ በልቶታል” ብላ ለእህቴ አለቀሰችላት። እህቴ ስለ ኢንዛይሙ ያወቀችው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነው፤ አሁንም የምታምነው ግን የቡዳውን ነው።

ኬክ ቤቶቹን ሳልጠቅስ ባልፍ ፒያሳ የኖርኩ አይመስልም። የኤንሪኮ ሚልፎሊ የእሑድ ነበር፣ የቶሞካ የቡና ሽታ የየቀኑ ነበር፣ ነጻ ነበር። ፍራፍሬ በብርጭቆ ተደርጎ፣ ረጅም ማንኪያ ተሰክቶበት፣ “ፍሩት ፓንች” ተብሎ ሲሸጥ ያየሁት ግን አድጌ፣ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ጁስ ቤቱ በየመንገዱ ሲከፈት ነው። የመጀመሪያ ደመወዜን ተቀብዬ እቴቴን ሲኒማ ኢትዮጵያ አካባቢ ወዳለ አንድ ጁስ ቤት ወሰድኳት። ፍሩት ፓንቹን አየችው፤ በማንኪያ ገለጥ ገለጥ አደረገችው። “ሙዙን መቼ ነው የላጡት?” አለች። አስተናጋጁ ጠዋት እንደሆነ ነገራት። ማንኪያውን አስቀመጠች።

ከጎናችን የተቀመጡት ስፕሪስ ይጠጡ ነበር፤ አቮካዶው ከሥር፣ ማንጎው መሃል፣ ፓፓያው ከላይ፣ ቪምቶ ተንጠባጥቦበት፣ ሎሚ ጠርዙ ላይ ተሰክቶ። ለዓይን ያምራል፣ አልክድም። እቴቴ ማሽኑ ሲጮህ እያየች፣ “ይሄ ጥርስ ለሌለው ሰው ነው” አለች። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፤ ተጠቃሚዎቹ ዞር አሉ። ከሃያ ዓመት በኋላ እሷው ጥርሷ አልቆ አልጋ ላይ ስትሆን፣ አቮካዶ በቪምቶ በላስቲክ ብርጭቆ አመጣሁላት። በቧንቧው ሳበችው፣ ሳበችው፣ ጨረሰችው። ያን ቀን ስላለችው ነገር እንዳላነሣባት በዓይኗ ተቆጣችኝ።

በዚያ ሃያ ዓመት ውስጥ ብርቱካኑ ሸሸ። የቅጠልና የፍሬ በሽታ ብዙ እርሻ አጥፍቷል፤ የተረፈውም ለአንድ ሳህን ሁለት መጭመቅ ቅንጦት እስኪመስል ተወደደ። በውሃው ቦታ ብዙ ቤት የማንጎ ጭማቂ ገባ፤ ይጣፍጣል፣ ወፍራም ነው፣ ፍሬውን ግን ይሸፍነዋል እንጂ አያርሰውም። የጣይቱ ሆቴል ጥር 2007 ሲቃጠል ከደጃችን ሆነን ጢሱን አየን፤ እቴቴ ከንፈሯን መጠጠችና የእቴጌይቱን ነፍስ ይማር አለች። እኔ ለብዙ ዓመት ፒያሳ ማለት እሳት እንኳ ደርሶበት መልሶ የሚቆም ነገር አድርጌ ቆጠርኩት።

በ2012፣ ኮሮና ሲመጣ፣ አትክልት ተራ መጨናነቁ ያሠጋል ተብሎ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ለጊዜው ነው ብለን ነበር። ጃን ሜዳ ደግሞ ጥምቀት አለው፤ በ2013 ከዚያም ተነሥቶ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። በእግር ይደረስበት የነበረ ገበያ በታክሲ ሁለት ጉዞ ሆነ። እቴቴ ያን ጊዜ ከቤት አትወጣም፤ አትክልት ተራ መነሣቱንም አልነገርናትም ነበር። አንድ ምሽት ግን ጠራችኝና፣ “ማታ ማታ የአናናሱ ሽታ አይመጣም፤ ምን ሆኑ?” አለችኝ። ከእኛ ቤት አትክልት ተራ ይሸታል ብዬ አስቤ አላውቅም። ይሸት ነበር ማለት ነው።

የካቲት 2016 የዓድዋ ድል መታሰቢያ በአጠገባችን ተመረቀ። በዚያው ዓመት ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። ስለ መፍረሱ ብዙ ተብሏል፤ ቤቱ ያረጀ ነበር፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነበር፣ ክረምት ጣሪያው በሦስት ቦታ ያፈስ ነበር፤ ይህን የማይናገር ትዝታ አላምንም። ጎረቤቶቻችን አንዱ ቦሌ አራብሳ፣ አንዱ ኮዬ ፈጬ፣ አንዷ ልጇ ጋ አያት ገቡ። እቴቴን እህቴ ጀሞ ወሰደቻት፤ አራተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ቧንቧው ውስጥ ድረስ። ሦስት ወር ከምናምን ኖረችበት። ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ዐረፈች።

አርባዋ ፍልሰታ ላይ ዋለ። የጾም ነው፤ ወጡ ሽሮና ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት። መጨረሻ ላይ የሚቀርበው ምን እንደሆነ ከእህቴ ጋር አልተማከርንም፣ ሁለታችንም እናውቀዋለን። ጠዋት ወጥቼ ፓፓያ፣ አናናስ፣ ከውጭ የመጣ ብርቱካን ገዛሁ። ሻጩን ሎሚ መርቀኝ አልኩት፤ የቀለድኩ መስሎት ሳቀና ሚዛን ላይ አስቀመጠው። ሩብ ኪሎ ሎሚ ገዛሁ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አልልም፣ ግን እንደዚያ ነው የተሰማኝ።

ነጩ ሳህን አለ። ቢላዋዋም አለች፣ ጥርሶቿ አልቀዋል። አናናሱን ከሥር አነጠፍኩ፣ ስኳር ነሰነስኩ፣ ቅርንፉዱን አፈላሁ። ብርቱካኑን ስገፍፍ ነጩ ልባስ በጥፍሬ ሥር ገባ። እህቴ ፓፓያውን ከተፈች፣ ከሚገባው ተለቅ አድርጋ፤ ሁሌም እንደዚያ ናት። ፍትሐቱ አልቆ ካህናቱ በልተው ሄዱ። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። ውጪ የነሐሴ ዝናብ ነው። ሳሎኑ ውስጥ የእህቴ የሥራ ባልደረቦችና የሕንጻው ሰዎች ተቀምጠዋል፣ ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ የዶሮ ማነቂያዎቹ ግን ገና ናቸው።

ስልኬ ጮኸ። የድሮዋ የግድግዳ ጎረቤታችን ናት፣ ከኋላዋ የረዳት ጩኸት ይሰማል።

“መገናኛ ደርሰናል ልጄ፣ ሦስታችንም አብረን ነን። ሰልፍ ላይ ነን፤ እንዳትጨርሱ።”

እህቴ ሙዙን በእጇ ይዛ ከኩሽና በር ላይ ቆማለች።

“ልላጥ?”

“ቆይ” አልኳት።